ሴሬስ፦ 41 ቀን ታይታ የጠፋችው አስትሮይድ፣ ምህዋሯ እንዴት ተሰላ?

ሜሪዲያን (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። የሴሬስ ነገር በየቦታው «ፒያዚ አገኛት፣ ጋውስ አሰላት» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ በቁጥር ቢብራራ ጥሩ ነው። የሲሲሊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒያዚ በትክክል የለካው ምንድን ነው? 41 ቀን ሲያያት ከርሞ እንዴት ጠፋችበት? የሒሳብ ሊቁ ጋውስስ ርቀቷን የለካ ሰው ሳይኖር ምህዋሯን ከየት አመጣው? ዛሬ አንድ የሥነ ፈለክ ክበብ ይህንኑ በካሜራ ልሞክር ቢል ከየት ይጀምራል፣ የሚሳሳተውስ የት ላይ ነው?

የፈረንጅ ቀኖችን በፈረንጅ ወር ስም እንጻፍ፣ «ጥር» እያልን እንዳንደናገር። ግኝቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1793 ዓ.ም.

ባለ_ክቡ

ከመሣሪያው ልጀምር፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነውና።

ሲሲሊ፣ ፓሌርሞ ላይ የነበረው ዕቃ ጄሲ ራምስደን ለንደን ውስጥ ሠርቶ በ1789 የጨረሰው፣ 5 ጫማ ስፋት ያለው ቁም ክብ ነው። ክቡ ዙሪያውን በዲግሪ ተሸንሽኗል፤ ንባቡ የሚወሰደው በማይክሮስኮፕ ነው። ቴሌስኮፑ ግን የፊት ሌንሱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ደካማ ነገር ለማየት ሳይሆን ቦታ በጥንቃቄ ለመለካት የተሠራ ነው። ፒያዚም አዲስ ፕላኔት እያደነ አልነበረም፤ የኮከብ ካታሎግ እያረመ ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። ኮከቡ የሰሜን-ደቡቡን መስመር፣ ማለት ሜሪዲያንን፣ ሲያቋርጥ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ራይት አሴንሽን (የሰማይ ኬንትሮስ) የሚወጣው ከዚህ ነው። በዚያው ቅጽበት ከክቡ ላይ ከፍታው ይነበባል፤ ከዚህ ደግሞ ዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) ይወጣል። ፒያዚ አንዱን ኮከብ በተለያዩ ሌሊቶች ደጋግሞ የመለካት ልማድ ነበረው። ግኝቱን የሰጠው ይኸው ልማድ ነው። ጃንዋሪ 1 ምሽት ታውረስ በተባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ 8ኛ ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል) ገደማ የሆነች ነጥብ መዘገበ፤ በማግስቱ ያንኑ ኮከብ ሲለካ ቦታዋን ለቃለች። አንዴ ለክቶ የሚያልፍ ሰው ቢሆን ካታሎጉ ውስጥ አንድ የሌለ ኮከብ ይጨመር ነበር፤ በቃ።

እስከ ጃንዋሪ 11 ገደማ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ቆይታ፣ ቆም ብላ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ጃንዋሪ 24 ለሌሎች የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፣ ሚላን ላለው ለኦሪያኒና በርሊን ላለው ለቦዴ ጻፈ። ኮሜት አገኘሁ አለ፤ ለኦሪያኒ ግን ጭጋግ ስለሌላትና አካሄዷ አዝጋሚና ወጥ ስለሆነ ከኮሜት የተሻለ ነገር ሳትሆን እንደማትቀር ጠቆም አድርጎለታል። የመጨረሻው ልኬት ፌብሩዋሪ 11 ነው። በጠቅላላው 24 ጊዜ ለካት።

ፀሐይ_ጠለቅ

«እንዴት ጠፋች» ለሚለው ልጨምር። ፒያዚ መታመሙን ሁሉም ይጽፋል፤ ባይታመምም ግን ብዙ አይቆይም ነበር። ሜሪዲያን ላይ ብቻ የሚለካ ሰው ኮከቡ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣበታል። በ41 ቀን ይህ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ማቋረጫው ከምሽት ወደ አመሻሽ፣ ቀጥሎም ወደ ቀን ብርሃን ይገባል። ከዚያ ወራት ከፀሐይ ጀርባ ናት። እንደገና ንጋት ላይ ስትወጣ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም፤ 8ኛ ማግኒቲውድ የሆነ ነጥብ ደግሞ በዚያ አካባቢ ብዙ ነው፤ መልኳ ከኮከብ አይለይም።

በዚህ ላይ ልኬቶቹ ሙሉ በሙሉ የታተሙት በሴፕቴምበር 1801፣ በጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በፎን ዛክ ወርሃዊ መጽሔት ነው። ለፈላጊዎቹ የቀረው ጊዜ አጭር ነበር።

ኬፕለር_በለው

ወደ ስሌቱ እንግባ። ለመለማመጃ የሚሆኑ ቁጥሮች፦ የሴሬስ አማካይ የፀሐይ ርቀት 2.77 አስትሮኖሚካል ዩኒት (አንዱ የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት ነው)፣ ኤክሰንትሪሲቲዋ (ሞላላነቷ) 0.08፣ ከምድር ምህዋር ጋር የምትሠራው ማዕዘን 10.6 ዲግሪ ነው። በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ 2.77ን በራሱ ካሬ ሥር አባዙት፤ 2.77 ሲባዛ በ1.664፣ 4.61 ዓመት። ወደ 1,680 ቀን ማለት ነው። ለፀሐይ የምትቀርበው እስከ 2.55፣ የምትርቀው እስከ 2.99።

እንግዲህ በ41 ቀን ውስጥ ከፀሐይ ሲታይ የሄደችው 360 ሲካፈል ለ1,680፣ ሲባዛ በ41፣ ማለት 8.8 ዲግሪ ነው። ከጠቅላላ ዙሯ አርባኛ እጁ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረውን ምህዋር ከዚህ ቁራጭ ማውጣት ነው ፈተናው።

አንዳንዶቹ ምህዋሯን ክብ ነው ብለው አሰሉ። ክብ በሁለት ልኬት ይጠናቀቃል፤ ቀላል ነው። ግን ሞላላነቱ 0.08 ሲሆን አስትሮይዱ ወጥ ፍጥነት ካለው ክብ ሊርቅ የሚችለው እስከ 0.16 ራዲያን፣ 9 ዲግሪ ያህል ነው። የሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ እንደሆነ አስቡና የፍለጋውን ስፋት ገምቱት።

ሜሪዲያን

ጋውስ ሦስት ልኬት ብቻ ተጠቀመ ሲባል ለምን ሦስት? ርቀቱስ ከየት መጣ?

ኬፕለር_በለው

ምህዋርን የሚወስኑት ያልታወቁ ቁጥሮች 6 ናቸው። አንድ ልኬት 2 ቁጥር ይሰጣል፦ ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን። ሦስት ልኬት፣ ስድስት ቁጥር። ሂሳቡ ገጠመ።

ርቀቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምህዋሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሦስቱ ቦታዎችና ፀሐይ በአንድ ወለል ላይ ናቸው። ስለዚህ የመካከለኛው ቦታ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ተቀይጦ ይገኛል። ሁለተኛ፣ የቅየጣው መጠን ከጊዜው ጋር የተሳሰረ ነው፤ እኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋልና።

በቁጥር እንየው። ጋውስ ከመረጣቸው አንዱ ስብስብ ጃንዋሪ 2፣ ጃንዋሪ 22 እና ፌብሩዋሪ 11 ነው። ክፍተቱ 20 እና 20 ቀን። በመጀመሪያ ግምት መካከለኛው ቦታ የዳርና ዳሩ እኩል ድርሻ ነው፤ 0.5 እና 0.5። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በትክክል 0.5 ከሆነ መካከለኛው ነጥብ ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ አስትሮይዱ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ፀሐይ አልሳበችውም ማለት ነው። እርማቱ እንዲህ ይሠራል፦ የሙሉው ክፍተት ካሬ (1,600) ሲቀነስ የግማሹ ክፍተት ካሬ (400)፣ 1,200። ይህን በ0.0002959 (የጋውስ ቋሚ ቁጥር ካሬ) አባዙ፣ 0.355። ለ6 አካፍሉ፣ 0.0592። ለፀሐይ ርቀት ኪዩብ አካፍሉ፤ ርቀቱ 2.77 ከሆነ ኪዩቡ 21.25 ነው፣ ውጤቱ 0.0028። ድርሻው 0.5 መሆኑ ቀርቶ 0.5014 ሆነ።

ይህች 0.28 በመቶ ናት ሁሉንም የያዘችው። በርቀት ስትለወጥ መንገዱ ከቀጥታው መስመር ወደ ፀሐይ የጎበጠው 1.15 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደግሞም በእርማቱ ውስጥ የፀሐይ ርቀቱ ራሱ አለበት፤ ርቀቱን ገና አናውቀውም። ስለዚህ ከዚህ አንድ እኩልነት፣ ከፀሐይ-ምድር-አስትሮይድ ሦስት ማዕዘን ሌላ እኩልነት ይወጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የስምንተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ይሰጣሉ። ያ ሲፈታ ርቀቱ ይታወቃል። ርቀቱ ሲታወቅ ሦስቱ ቦታዎች በሙሉ ይታወቃሉ፤ ድርሻዎቹን በተሻለ አርሞ እንደገና፣ እንደገና።

ተማሪዎች የሚስቱት ሦስት ቦታ ነው፦

የብርሃን ጉዞን ይረሳሉ። ብርሃን አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት ለመጓዝ 499 ሴኮንድ ይፈጅበታል። 2 ዩኒት ርቃ ከሆነ ያያችኋት ከ16 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ በፊት የነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ርቀቱ በተገመተ ቁጥር ሦስቱም ሰዓቶች መታረም አለባቸው።

ፖሊኖሚያሉ ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ መልስ ብዙ ጊዜ ምድር ራሷ ናት፤ 1 አካባቢ የወጣውን ጣሉት።

ሦስተኛው፣ ክፍተት አመራረጥ ነው። ሦስቱ ልኬቶች በአንድ ሌሊት ከሆኑ ጉብጠቱ በልኬት ስህተት ይዋጣል። በጣም ከተራራቁ ደግሞ ከላይ ያለው እርማት ራሱ አይበቃም።

የፀሐይ_መንገድ

ድንቅ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አስትሮይዱ በኤክሊፕቲክ ወለል (በምድር ምህዋር ወለል) ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ በሦስት ልኬት አይፈታም፤ ዴክሊኔሽኑ አዲስ ነገር አይነግረንምና አራተኛ ልኬት ያስፈልጋል። ሴሬስ 10.6 ዲግሪ ማጋደሏ ለጋውስ ትልቅ ውለታ ነው።

ውጤቱም ይታወቅ። ጋውስ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት፣ ብራውንሽቫይግ ነዋሪ ነበር። ትንበያው ከሌሎቹ ብዙ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያመለክት ነበር። ፎን ዛክ ጎታ ላይ በዲሴምበር አየት አደረጋት፤ ዲሴምበር 31 አረጋገጠ። ኦልበርስ ብሬመን ላይ በማግስቱ አገኛት። ከጋውስ ትንበያ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ነበረች። ዘዴውን አስፍቶ በመጽሐፍ ያወጣው በ1809 ነው።

ዳርክ_ፍሬም

አሁን ወደ ካሜራው። ለክበብ የሚሆን ዝርዝር ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ እወቁ። ከፀሐይ በተቃራኒ ስትቆም (ኦፖዚሽን) ምድር በ29.8፣ ሴሬስ በ17.9 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ትሮጣለች፤ ልዩነቱ 11.9። ሚኒባስ አውቶቡስ ሲቀድም አውቶቡሱ ወደ ኋላ የሚሄድ እንደሚመስለው፣ እሷም ወደ ምዕራብ ታፈገፍጋለች። 1.77 ዩኒት ርቀት ላይ ይህ በሰዓት 33 አርክ ሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል) ነው፤ በደቂቃ 0.55። ኦፖዚሽን በየ466 ቀኑ፣ ወደ 15 ወር ከግማሽ፣ ይደጋገማል። ከኦፖዚሽን ርቃ ቆም በምትልበት ወቅት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ምንም አታዩም፤ ያን ጊዜ ልዩነቱን በማግስቱ ፈልጉ።

ቀጥሎ የካሜራችሁ ስኬል። 206.265ን በፒክሰሉ ስፋት (በማይክሮን) አባዝታችሁ ለቴሌስኮፑ ፎካል ርዝመት (በሚሊ ሜትር) አካፍሉ። 3.76 ማይክሮን ፒክሰልና 800 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.97 አርክ ሴኮንድ በፒክሰል። 90 ሴኮንድ ብትከፍቱ አስትሮይዱ 0.83 አርክ ሴኮንድ ይሄዳል፤ ከአንድ ፒክሰል በታች፣ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በላይ ከከፈታችሁ ሰረዝ ይሆንና መሐሉን ማግኘት ያስቸግራል።

በ20 ደቂቃ ልዩነት አራት ስብስብ አንሱ። በአንድ ሰዓት 34 ፒክሰል ፈቀቅ ስለምትል ምስሎቹን በከዋክብቱ አስተካክላችሁ ስታፈራርቁ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

አሁን የሚበላሸው። ሴሬስ ራሷ ለዚህ ልምምድ ከመጠን በላይ ደማቅ ናት፤ ኦፖዚሽን ላይ ወደ 7ኛ ማግኒቲውድ ስለምትደርስ 90 ሴኮንድ ከከፈታችሁ መሐሏ ይሞላና የቦታ ልኬቱ ዋጋ ያጣል። ለእሷ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። ረጅሙን ለ14 እና 15 ማግኒቲውድ አስትሮይዶች አስቀምጡት። ሌላው ሆት ፒክሰል ነው፦ ካሜራው ላይ ባለበት የሚቆም ብልሹ ፒክሰል፣ ምስሎቹ በከዋክብት ሲደረደሩ የሚሄድ ይመስላል፤ ያውም ቀጥ ባለ መስመር! ዳርክ ፍሬም (ሌንሱ ተከድኖ የተነሳ ምስል) ቀንሱ፤ የምትጠረጥሩት ነጥብ አንድ ፒክሰል ብቻ ከሆነና እንደ ከዋክብቱ ዳር ዳሩ ካልደበዘዘ ጣሉት።

ሶፍትዌር፦ ለልኬቱ አስትሮሜትሪካ፣ ለምህዋሩ ፋይንድ ኦርብ። የማጣቀሻ ከዋክብቱን ከጋያ ካታሎግ ውሰዱ። የከዋክብቱ ቦታ በምስሉና በካታሎጉ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.5 አርክ ሴኮንድ በላይ ከሆነ የፎካል ርዝመቱን ወይም የካሜራውን መዞር አሳስታችሁ አስገብታችኋል።

ሜሪዲያን

ሰዓቱስ? ፋይሉ ላይ ያለው ሰዓት በቀጥታ ይወሰዳል?

ዳርክ_ፍሬም

አይወሰድም። አብዛኛው ካሜራ የሚጽፈው ሌንሱ የተከፈተበትን ሰዓት ነው፤ የሚፈለገው የመሐሉ ነው። በ90 ሴኮንድ ፎቶ የ45 ሴኮንድ ስህተት 0.4 አርክ ሴኮንድ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ በአማካይ አይጠፋም።

የሌሊት_ዘብ

ሰዓት ከተነሳ አይቀር፣ እኛ ዘንድ ትልቁ መዘዝ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። የአስትሮይድ ልኬቶችን የሚሰበስበው ማይነር ፕላኔት ሴንተር የሚቀበለው በዩቲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ብቻ ነው። ከምሽቱ 3፡30 ማለት በፈረንጅ 21፡30፣ በዩቲ 18፡30። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ግን በፈረንጅ 01፡00 ነው፤ በዩቲ ደግሞ 22፡00፣ *በዋዜማው ቀን*። ኖቬምበር 13 ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ሪፖርቱ ላይ ኖቬምበር 12.91667 ተብሎ ይጻፋል። ቀኑ በአስርዮሽ እስከ አምስተኛ አኃዝ ይሄዳል፤ አምስተኛው አኃዝ 0.86 ሴኮንድ ነው።

ሪያድ ያላችሁም ያው ሲደመር 3 ናችሁ። ዱባይ 4 ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ከኖቬምበር እስከ ማርች ሲቀነስ 5፣ ከማርች እስከ ኖቬምበር ሲቀነስ 4፤ ሰዓት በሚቀየርበት ሳምንት ተጠንቀቁ። የ3 ሰዓት ስህተት 100 አርክ ሴኮንድ ያመጣል፤ የ6 ሰዓቱ 200። ፋይንድ ኦርብ የሁሉም ልኬት ስህተት በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ሲሆን ካሳያችሁ ኦፕቲክሱን አትጠርጥሩ፤ ሰዓቱን እዩ።

ፒጂ_1937

ስለ ስያሜው ማንም አላነሳም። በስማችን የምትጠራ አለች እኮ፦ 1432 ኢትዮጵያ። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ናት። ሲሪል ጃክሰን ጆሃንስበርግ፣ ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ ላይ ኦገስት 1 ቀን 1937 አገኛት፤ በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን። ጊዜያዊ መለያዋ «1937 ፒጂ» ነው። አነባበቡ፦ የመጀመሪያው ፊደል ግማሽ ወሩን ይናገራል። የላቲን ፊደላት አይ ሲዘለል ኤ የጃንዋሪ መጀመሪያ አጋማሽ፣ ቢ የጃንዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ እያለ ይሄዳል፤ ፒ ላይ ሲደርስ ከኦገስት 1 እስከ 15 ነው። ጂ ሰባተኛ ፊደል ስለሆነ በዚያ ግማሽ ወር ሰባተኛዋ ናት።

ፊደሉ ሲያልቅ ከኋላ ቁጥር ይጨመራል፤ ቁጥሩ ሃያ አምስቱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው። 2004 ኤምኤን4 (ኋላ አፖፊስ የተባለችው፣ የዋናው ቀበቶ ሳትሆን ለምድር ቅርብ የሆነችው) በጁን ሁለተኛ አጋማሽ 4 ሲባዛ በ25 ሲደመር 13፣ 113ኛዋ ነበረች።

ባለ_ክቡ

ስሙን ለፖለቲካ እንዳይወስዱት፣ ጃክሰን በዚያው ዓመት ያገኛቸው ጎረቤቶቿም የአፍሪካ ስም ነው ያላቸው፦ 1427 ሩቩማ፣ 1428 ሞምባሳ፣ 1429 ፔምባ፣ 1430 ሶማሊያ፣ 1431 ሉዋንዳ። 1193 አፍሪካም የእሱ ናት፣ የ1931።

ሜሪዲያን

ክበቡ አዲስ ቢያገኝ «ምኒልክ» ማለት ይቻላል?

ፒጂ_1937

መጀመሪያ ቁጥር ማግኘት አለባት። አንድ ሌሊት ምንም አይደለም፤ ቢያንስ ሁለተኛ ሌሊት ካልተለካች ጊዜያዊ መለያም አይሰጥም። ቋሚ ቁጥር የሚመጣው ምህዋሯ ሲረጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ያህል ኦፖዚሽን ላይ መታየት ይኖርባታል። ለዋናው ቀበቶ ይህ የዓመታት ሥራ ነው። ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ አግኚው ስም የማቅረብ የ10 ዓመት መብት አለው። ስሙ ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ የቤት እንስሳ ስም አይበረታታም፤ የንግድ ስም አይሆንም።

በፖለቲካ ወይም በጦርነት የታወቀ ሰው ከሞተ 100 ዓመት መሙላት አለበት፤ ለክስተትም እንደዚሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1913 ስላረፉ ደንቡ አይከለክልም። ዓድዋም 1896 ነው፤ ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን እስከ 2075 ይጠብቃሉ።

አዲስ_ገቢ_7

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ፣ ሴሬስ ድንክ ፕላኔት አይደለችም እንዴ? ለምን አስትሮይድ ትሏታላችሁ?

የፀሐይ_መንገድ

ሁለቱም ናት። በ2006 ድንክ ፕላኔት ተብላለች፤ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሯት የተድበለበለች ስለሆነች። ቦታዋ ግን ዋናው ቀበቶ ነው፣ ቁጥሯም እስካሁን 1 ነው። ዶውን የተባለችው መንኮራኩር ከማርች 2015 ጀምሮ ዞራታለች፤ መንገዱን ያሰሉት ሰዎች የስም ክርክሩ አላሳሰባቸውም።

የቀን_መቁጠሪያ

አንድ እርማት፦ ክሩ መጀመሪያ ላይ ታኅሣሥ 23 ተብሏል። ያ የዛሬው ጃንዋሪ 1 ነው። በ1801 በጁሊያንና በግሪጎሪያን መካከል የነበረው ልዩነት 12 ቀን ነበር፤ 13 የሆነው ከማርች 1900 ወዲህ ነው። የእኛ ቀመር ከጁሊያኑ ጋር ስለሚሄድ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 የሚውለው ታኅሣሥ 24 ቀን 1793 ዓ.ም. ላይ ነው። የ1937ቱ ሐምሌ 25 ትክክል ነው።